ከመጽሐፍ የተነጠለ የቶለሚ ካርታ ሲገጥማችሁ

ውድ አባላት፣

የሁለተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቅ የቶለሚን «ጂኦግራፊ» መጽሐፍ ካርታ ስትመረምሩ ከዓመቱ በፊት የሕትመቱን ዓይነት ለዩ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጣሊያን የታተመው የ1475ቱ የቪቼንሳ እትም ካርታ የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። በዚያው በጣሊያን የታተመው የቦሎኛ እትም 26 ካርታዎች በመዳብ ሳህን ላይ የተቀረጹ ናቸው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ 1462 የሚል ዓመት ብታዩ አትመኑት፤ የአታሚ ስሕተት ነው፣ የታተመው በ1477 ነው።

የመዳብ ሳህን እርጥብ ወረቀት ላይ በከባድ ግፊት ስለሚታተም ጠርዙ በካርታው ዙሪያ ሰርጎ ይቀራል፤ በጣት ዳስሱት። ኅዳጉ የተቆረጠ ከሆነ ግን ይህ ምልክት አብሮ ጠፍቷል። በጀርመን የታተመው የ1482ቱ የኡልም እትም በእንጨት ቅርጽ የታተመ ስለሆነ ይህ ጠርዝ የለውም፤ መስመሩም ወፍራም ነው። ባሕሩ ብዙውን ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ በ1486ቱ ድጋሚ እትም ወደ ቡናማ ያደላል። ሆኖም በቀለም ብቻ አትፍረዱ፣ ዘግይተው የተቀቡ አሉ። ጀርባውን ገልብጡ፦ ከመዳብ የተሠራ የጥንት አረንጓዴ ቀለም ወረቀቱን እየበላ በጀርባ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ዓመቱን ለመለየት እጅግ አስቸጋሪው የሮም እትም ነው። የ1478ቱ ሳህኖች በ1490 እንደገና ስለታተመባቸው ሥዕሉ አይለያይም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ የውኃ ምልክቱን (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የቀረውን የአምራቹን ምልክት) ዓመቱ ከታወቀ ቅጂ ጋር አስተያዩ፤ ሻጭ የሚነግራችሁ ዓመት ማስረጃ አይደለም።

አክሱምን የምትፈልጉ አራተኛውን የአፍሪካ ካርታ እዩ፤ ቶለሚ በአራተኛው መጽሐፉ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ያለባት ከተማ ብሎ ጠቅሷታል።