የተማሪዎቻችን የኪነት ቡድን የሚታወሰው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን ጋዜጦች ከሚያወጧቸው ፎቶግራፎች አንዱ ሁልጊዜ ያው ነው። ባለጥለት የሀገር ልብስ የለበሱ ወጣቶች በክብር እንግዶች ፊት እስክስታ ሲወርዱ ይታያሉ፤ ከሥሩም «የዩኒቨርሲቲው የባህል ቡድን ዝግጅቱን ሲያደምቅ» የሚል መግለጫ ይሰፍራል። እኔ ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ የተማሪዎቹ የኪነት ክበብ አማካሪ ሆኜ ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ «ሲያደምቅ» የምትለዋ ቃል ናት፤ ቡድኑ ከማድመቅ ያለፈ ሥራ እንዳይኖረው ያደረገው አሠራር ሁሉ በእሷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና።

ነገሩን በአንድ አጋጣሚ ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቡድኑ በአራት ቀን ውስጥ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ በደብዳቤ ታዘዘ። ማሲንቆ የሚጫወተው የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ፣ ክራር የምትጫወተው ከወላይታ ተመድባ የመጣች የነርሲንግ ተማሪ፣ ዋሽንት የሚነፋው ደግሞ የሰከላ ገጠር ልጅ የሆነ የአካውንቲንግ ተማሪ ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀደም ብሎ ያቀናበረው ዜማ ስለነበረው ጊዜ ለመቆጠብ በእሱ እንሥራ ተባለ፤ ሙዚቀኞች «ስኬል» የሚሉት የዜማው መነሻ ድምፅ ግን ለድምፃዊቷ ተብሎ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ማሲንቆው እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስ ሲወጠር የፈረስ ጭራው መበጣጠስ ጀመረ። ክራሩ እንደገና ተቃኘ። ዋሽንት ግን እንደ ክራር በመወጠርና በማላላት የሚቃኝ መሣሪያ አይደለም፤ የሸምበቆው ርዝመትና ውፍረት፣ የቀዳዳዎቹም ቦታ አንድ ጊዜ ከተወሰነ ድምፁም አብሮ ተወስኗል፤ ዋሽንት ነፊዎች አጭርም ረጅምም ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩትም ስለዚሁ ነው። የእኛ ልጅ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አልገጠሙም።

መፍትሔው ወዲያው ተገኘ፤ ኪቦርዱ የዋሽንት ድምፅ አለው። ልጁ ዋሽንቱን ከከንፈሩ አስጠግቶ ጣቶቹን እያነሣ እየጣለ ቆመ፣ ድምፁ ከስፒከር ወጣ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዱ «ዋሽንቱስ አንጀት ይበላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እሺ፣ ይሁን» ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን በሌላ አላላክክም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ያህል ለልምምድ አልመጣም፤ እኔም «ለምን ቀረህ?» ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።

ለምን ሁለት ዋሽንት ብቻ ኖረን ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሽንት የሚሠሩ አንድ አዛውንት እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ፤ በየድምፁ የተለያዩ ስምንት ዋሽንቶች እንዲሠሩልንም ተነጋገርን። ጥያቄውን ለግዢ ክፍል ሳቀርብ የሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። ተመልሼ ለአዛውንቱ ስነግራቸው በጣም ሳቁ፤ «ልጄ፣ ሲነፋ እየሰማኸው ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። የግዢ ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ መመሪያው የተጻፈው ለሲሚንቶና ለወረቀት ነው፣ እነሱም ነገ በኦዲት የሚጠየቁት በመመሪያው ነው። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ኪቦርድ ደረሰኝ ስላለው በቀላሉ ይገዛል፣ እዚሁ አጠገባችን የሚበቅለው ሸምበቆ ግን በመንግሥት ገንዘብ ሊገዛ አይችልም።

ማሲንቆም ቢሆን የተገዛልን ደረሰኝ ከሚሰጥ የማስታወሻ ዕቃ መደብር ነበር። ለቱሪስት ግድግዳ ተብሎ የተሠራ፣ በቫርኒሽ የተለበጠ፣ ቆዳው ላይ ሥዕል የተሣለበት ዕቃ ነው፤ ቆዳው በቀለም ስለተደፈነ የሚያወጣው ድምፅ ከአንድ ክንድ አያልፍም። ይህም ሞዴል 19 በተባለው የንብረት ቅጽ ገቢ ሆኖ መጋዘን ገባ፤ ለልምምድ ሲፈለግ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በዚያው ቀን ማታ መመለስ አለበት ተባለ። ንብረት ክፍሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ከላቦራቶሪና ከክፍል ተላቀው መለማመድ የሚችሉት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው መሣሪያዎች በሕጋዊ መንገድ ለልምምድ የወጡበትን ቀን በጣቴ ልቆጥረው እችላለሁ። የክረምቱ እርጥበት ሲገባ ቆዳው ይላላል፣ ሳይነካ የቆየ የፈረስ ጭራም ይበላሻል። ተማሪው ቤቱ ቢያስቀምጠው ኖሮ ፀሐይ ያሞቀው፣ ጭራውን በዕጣን ያሸው ነበር።

ከመሣሪያው የሚብሰው የአስተማሪው ጉዳይ ነው። ማሲንቆ ከመጽሐፍ የሚለመድ ነገር አይደለም። ጣት ጭራውን ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ አየር ላይ እንዳለ በጎኑ ይነካዋል፤ የንክኪው ልክም የሚታወቀው በጆሮ ነው። ከቅኝቶቹ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ የሚለዩትን ድምፆች በስም መዘርዘር አንድ ነገር ነው፣ በጣት ማግኘት ሌላ ነው፤ ባለሙያ አዝማሪ በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቀውን ድምፅ እንኳ ፈልጎ ያመጣዋል። ይህን እንዲያስተምሩልን ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ አንድ አዝማሪ ለምኜ በሳምንት ሁለት ቀን ሊመጡ ፈቀዱ። ክፍያው ግን የትምህርት ማስረጃ በሌለው ሰው ስም ሊወጣ አልቻለም። ከኪሳችን አዋጥተን ለአንድ ወር አስተማሩን፤ ከዚያ በኋላ የጠጅ ቤት ሥራቸውን ትተው እንዲመጡ መጠየቅ ነውር ሆነብኝ።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በጎጃም መሆኑ ይገርመኛል። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ የቅኔ ቤቶች ስማቸው በሀገር የታወቀው በየኔታ ዲግሪ አይደለም። ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ አገር አቋርጦ የሚመጣው መምህሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ሰምቶ ነው። ለቅኔ መምህር ይህን ያህል ክብር የምንሰጥ ሰዎች፣ ሰምና ወርቁን በማሲንቆ ላይ የሚያወርደውን አዝማሪ እስከ ዛሬ የምናየው በሠርግ ቤት በር በኩል ነው። መመሪያው የጻፈው ይህንን የቆየ ንቀታችንን ነው ብል አጋነንክ የሚለኝ ይኖር ይሆናል፤ ግን እንዲያ ይመስለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ለባለ ሙያ በሩን መክፈት እንደሚችል የሀገራችን ታሪክ ራሱ ያሳያል። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል፣ ሐሊም ኤል ዳብህ በተባሉ የግብፅ ተወላጅ የሙዚቃ ቀማሪ አማካይነት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረት፣ መድረኩን የያዙት ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የተሰባሰቡ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት፣ የበገና፣ የእምቢልታና የከበሮ ባለሙያዎች ነበሩ። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻቸው ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር ብቻ የሚሰሙ ስለነበሩ፣ እንደ አንድ ቡድን እንዲስማሙ ማድረግ ራሱን የቻለ የጥናት ሥራ ነበር። ከአሜሪካ የሰላም ጓድ ጋር የመጣው ቻርለስ ሰተን ማሲንቆ የተማረው ከቡድኑ ባለሙያ ከጌታመሳይ አበበ ነው፤ ቡድኑንም በኋላ ተስፋዬ ለማ መርተውታል። ያኔ ዩኒቨርሲቲው የባለሙያዎቹ ጣት የሚያውቀውን «ዕውቀት» ብሎ ተቀብሎ ነበር።

በዕድሜ ገፋ ያሉ የጎጃም አንባቢዎች ደግሞ በደርግ ዘመን የነበረውን የግሽ ዓባይ ኪነት ያስታውሳሉ። ስለ ኪነት ቡድን ባነሣሁ ቁጥር እሱን የሚጠቅሱልኝ ብዙ ናቸው፤ የድምፅና የውዝዋዜ ጥንካሬውን አልክድም። ነገር ግን የዘመኑ የኪነት ቡድኖች የመንግሥትን መፈክር እንዲያዜሙም ጭምር ይፈለጉ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚጠራ የዛሬ ቡድንም፣ መፈክሩ ቢቀርለትም፣ ከዚያ ልማድ ብዙ አልራቀም።

ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ያለው የትምህርት መቆራረጥም ለቡድኑ ከሌላው ሁሉ የከፋ ጉዳት ነበር። የተማሪዎች ቡድን እንደ ቅኔ ቤት ነው፤ ነባሩ አዲስ ገቢውን ያስጠናል። ክፍል ሲቋረጥና ሲጀመር፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመቶቹ አዲሶቹን ሳያገኟቸው ተመርቀው ሄዱ። የቀሩት ከዩቲዩብ የቀዷቸው አራት የሠርግ ዘፈኖች ናቸው። እነዚያኑ አራቱን ለጤና ሚኒስቴር እንግዳም፣ ለኅዳር 29 በዓልም፣ ለምረቃም ሲያቀርቡ ኖረዋል። በዚሁ ክበብ ውስጥ ግን እናርጅ እናውጋ ውስጥ በአውድማ ሲዘፈን ያደገ ልጅ አለ፤ ከባንጃ የመጣች፣ የአገውኛ ዜማ የምታውቅ ልጅም አለች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ልጁ ያባቱን የውቂያ ዘፈን አወጣው፤ የወላይታዋ ልጅ ክራሯን ይዛ በጨለማ ተከተለችው፣ ሌሎቹም ተቀባይ ሆኑ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ቡድን የሰማሁት ከሁሉ የተሻለ ሙዚቃ ያ ነበር፤ የሰማነውም አሥራ አንድ ሰዎች ነን።

«ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ለዚያ አዲስ አበባ ላይ ያሬድ አለ» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እነዚህ ልጆች የሙዚቃ ዲግሪ የሚፈልጉ አይደሉም፤ መሐንዲስ፣ ነርስና ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው የሚወጡ ናቸው። ለእግር ኳስ ቡድኑ ሜዳ፣ ማልያና አሠልጣኝ ሲመደብ «ስፖርት አካዳሚ ይሂዱ» ያለ ሰው አልሰማሁም። የገንዘብ እጥረት የሚባለውም እዚህ ላይ ብዙ አያሳምንም፤ ለአንድ ምረቃ የሚከራየው የድንኳንና የድምፅ መሣሪያ ወጪ ለዋሽንቶቹም ለአዝማሪውም ተርፎ ይቀር ነበር።

የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ከእጅ ጥበብ ባለሙያ የሚገዛ የሙዚቃ መሣሪያ በቀበሌ ማረጋገጫና በሦስት ሰዎች የግዢ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንዲገዛ ይፈቀድ፤ የባህል ባለሙያ በሙያው ተመስክሮለት የሰዓት ክፍያ የሚያገኝበት አንቀጽ ይኑር። መሣሪያው ለዓመቱ በተማሪው ስም ይፈረምና እሱ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቢጠፋ ተማሪው ከንብረት ክፍል ክሊራንስ ሳያገኝ እንደማይመረቅ ሁላችንም እናውቃለን። በሳምንት ሁለት ማታ የማይነካ የልምምድ ክፍል ይሰጣቸው። ከሁሉ በላይ ግን ቡድኑ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የራሱ ምሽት ይኑረው፤ ሰው ምሳ እየበላ ሳይሆን ሊሰማ ብሎ የሚመጣበት፣ አራቱ የሠርግ ዘፈኖችም የማይዘፈኑበት ምሽት። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር በአንድ የአስፋልት መንገድ ላይ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ቡድኖቹ እየተዘዋወሩ አንዱ የሌላውን ቢሰማ ጥሩ ነበር፤ ይህ ግን ለኋላ ይቆይ።

ዋሽንት ነፊው ተማሪ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ወደ ልምምድ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ለሁለት አንደኛ ዓመት ልጆችም በእነዚያው በሁለቱ ዋሽንቶች እያስለመደ ነው። አዛውንቱን በቅርቡ በስልክ አግኝቻቸው ነበር። ሸምበቆ የሚቆርጡት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ስለሆነ ትእዛዙ ከጥቅምት በፊት ይድረሰኝ ብለውኛል፤ ደረሰኙን ግን አሁንም አላገኙትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የኪነት ክበብ አማካሪ የሆነ መምህር
ከጎጃም