የመርፌው ባለሙያ ማን ነው? ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን።

መሃል አዲስ አበባ ላይ አኩፓንክቸር፣ ማለትም በቀጫጭን መርፌ ሰውነትን እየወጉ የሚሰጠውን የቻይና ሕክምና፣ የሚፈልግ ሰው ባለሙያ የሚያገኘው በወሬ ነው። «አንድ ቻይና አለ፣ እጁ መድኃኒት ነው» ይባላል። ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይሄዳል። ቦታው ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ከነበረ ደግሞ ሰፈሩ ፈርሶ ክሊኒኩ ተነስቶ ሊጠብቀው ይችላል። ወዴት እንደሄደ ጥበቃውን መጠየቅ ነው፤ ጥበቃ ካለ።

ሕክምናው ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች መርፌ የሚሰጡበት ቦታ ሆኖ ይታወቃል። ግን ሆስፒታሉ ያለው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ከአራት ኪሎ እዚያ ድረስ በሚኒባስ ተመላለስ ሲባል ምን እንደሚል እናንተም ትገምታላችሁ። ስለዚህ ብዙው ሰው ቅርቡ ያለውን የግል ክሊኒክ ይመርጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ለመምረጥ ሲሞከር ነው። እህቴ ሚግሬን የሚባለው ከባድ የራስ ምታት አለባት። ለእሷ ብዬ ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ሳጠያይቅ አንዱን ከሌላው የማወዳድርበት ነገር አጣሁ። አንዱ ጋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ሙሉ በሙሉ በቻይንኛ ነው። ምን ይላል ስል እንግዳ ተቀባይዋም አታውቀውም። ሌላው ጋ የክሊኒኩን ፈቃድ አሳዩኝ፤ መርፌውን የሚወጋው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደተማረ ግን ፈቃዱ ላይ የለም። ሌላው ደግሞ ሳያያት የአሥር ጊዜ ሒሳብ በቅድሚያ ክፈሉ አለ። ባይሻላትስ ስል «ይሻላታል» ተባልኩ። ፊዚዮቴራፒ የሚሰጡ ቦታዎች «እኛም መርፌ አለን» ይላሉ። የእነሱ ግን ብዙ ጊዜ የተቋጠረ ጡንቻን ለማላላት የሚወጋ ነው፤ ሥልጠናውም ዓላማውም ሌላ ነው። ይህን የሚያስረዳኝ ያገኘሁት በስንት ጥያቄ ነው።

የሥልጠናውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ዋናው እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሙሉ የአኩፓንክቸር ባለሙያ ለመሆን 2,500 ሰዓት ያህል ይማራል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓቱ የተግባር ነው። ሐኪም የሆነ ሰው ግን ለተወሰኑ ሕመሞች ብቻ እንዲጠቀምበት በ200 ሰዓት አጭር ሥልጠና መጀመር ይችላል። አጭር የተማረውን መናቄ አይደለም፤ ሐኪምነቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለቱም «አኩፓንክቸር ተምሬያለሁ» ይላሉ። በሽተኛው በየትኛው እጅ ላይ እንደወደቀ በምን ይወቅ?

መርፌው በጣም ቀጭን ነው፤ በሠለጠነ እጅ አደጋው ጥቂት ነው። ሆኖም ደረት አካባቢ ከልክ በላይ ከጠለቀ ሳንባ ሊበሳ ይችላል። አንዱ የተወጋበት መርፌ ለሌላ ሰው ከተሠራበት ደግሞ የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። የእኛ ሰው ዋግምት ሲደረግለት እንኳ «ምላጩ አዲስ ነው?» ይላል። ነጭ ጋዎን ፊት ሲሆን ግን ያፍራል።

ማስታወቂያውም ልጓም ይፈልጋል። ቲክቶክ ላይ መርፌው ስኳርን፣ መካንነትንና ስትሮክን «ከሥሩ ይነቅላል» ሲባል እንሰማለን። ጥናቶቹ የሚሉት ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው። ሚግሬን ላይ የሕመሙን ድግግሞሽ እንደሚቀንስ ጥሩ ማስረጃ አለ። ለወገብ ሕመም ግን የእንግሊዙ ናይስ፣ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አትስጡ ብሏል። ያው ተቋም በ2021 ምክንያቱ በግልጽ ላልታወቀ ሥር የሰደደ ሕመም መሞከር ይቻላል ብሏል፤ እሱም በድምሩ ከ5 ሰዓት ባልበለጠ የባለሙያ ጊዜ። እዚህ በሰው ወረፋ የተጨናነቀው ደግሞ የወገቡ ሕክምና ነው!

የምንጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ፈቃዱን ከሚሰጠውና ከሚቆጣጠረው አካል ጋር ሆናችሁ መርፌ እንዲሰጡ የተፈቀደላቸውን ባለሙያዎች ዝርዝር አውጡልን። ስሙ፣ የት እንደተማረና ስንት ሰዓት፣ ሐኪም ይሁን ፊዚዮቴራፒስት፣ አሁን የሚሠራበት አድራሻ፣ ለአንድ ጊዜ የሚያስከፍለው ዋጋ፣ አስተርጓሚ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ክሊኒኩ ቦታ ሲለውጥ ዝርዝሩም ይታደስ። የምስክር ወረቀቱ የአማርኛ ትርጉም ከጎኑ ይሰቀል። የመርፌው ማሸጊያ በሽተኛው ፊት እንዲከፈት ይታዘዝ፤ በቅድሚያ ተከፍሎ ላልተሰጠ ሕክምናም ገንዘቡ ይመለስ።

ዝርዝሩን ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ብትለጥፉት ለብዙዎቻችን ይበቃናል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በየጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይሁን፣ ፊደሉ ጎላ ብሎ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ