ሚኪ ሌላንድን በአሟሟቱ ብቻ አናስታውሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ነሐሴ በገባ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ይበር የነበረ ትንሽ አውሮፕላን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። በውስጡ 16 ሰዎች ነበሩ። አንዱ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድ ነው። ዕድሜው ገና 44 ነበር።

እኛ ዘንድ ስሙ ሲነሳ የሚወራው ይሄው ነው። ረሃብ፣ እርዳታ፣ አውሮፕላን። እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሌላንድም ፋርማሲስት ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ወደ ፖለቲካ የገባውም በዚሁ ሙያው በኩል ስለሆነ፣ ስለ ቴክሳስ ዘመኑ ትንሽ ልጻፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ቴክሳስ ውስጥ ላቦክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ሂውስተን ነው፤ ፊፍዝ ዋርድ በሚባል የጥቁሮች የድሃ ሰፈር፣ እናቱና አያቱ እጅ ላይ። በ1970 ከቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመረቀና እዚያው ማስተማር ጀመረ። ክፍል ውስጥ ብቻ አልቀረም። ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች እንዲመረመሩ በየሰፈሩ ቤት ለቤት የሚደረገውን ምርመራ አስተባበረ። የድሃ ሰው በሽታ በምን እንደሚብስ ያየው ያኔ ይመስለኛል።

በ1972 የቴክሳስ ምክር ቤት የምርጫ ወረዳዎች አከፋፈል ተቀየረ። ቀድሞ የጥቁሮች ሰፈር ድምፅ በትልቁ ካውንቲ (አውራጃ) ድምፅ ውስጥ ሰምጦ ይቀር ነበር። አሁን ሰፈሩ የራሱን ሰው መምረጥ ቻለ። ሌላንድም ተመረጠ፤ በኋላ ኮንግረስ ላይ የተካው ክሬግ ዋሽንግተንም በዚያው ምርጫ ነው የገባው። ኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ምክር ቤት የሄደው ጎፈሬውን አበጥሮና ዳሺኪ የሚባለውን ባለ ቀለም የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። የሚያዩት ሁሉ ደነገጡ። የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለ140 ቀን ነው። የአባላቱ ደመወዝ እስከ ዛሬ በዓመት 7,200 ዶላር ነው። ለገንዘብ ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

እዚያ ሆኖ የታገለለት አንዱ ነገር የመድኃኒት ዋጋ ነው።

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ የንጥረ ነገሩ ስም ነው፣ ሌላው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም። በውስጡ ያለው ያው ሆኖ ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። በዚያን ዘመን በብዙዎቹ የአሜሪካ ስቴቶች ሐኪሙ በንግድ ስም ካዘዘ ፋርማሲስቱ በርካሹ መተካት በሕግ ተከልክሎ ነበር። እስቲ አስቡት። በሽተኛው ፊትህ ቆሟል። ርካሹ መደርደሪያው ላይ አለ። ሕጉ ግን አትስጥ ይልሃል።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ያውቀዋል። እኔ ዘንድ አንዲት እናት የደም ግፊት ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ። ዋጋውን ስነግራቸው መቀነታቸውን ፈተው ይቆጥራሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የአሥር ቀኑን ስጠኝ ልጄ» ይላሉ። የወሩን መግዛት አቅቷቸው ነው። ሌላው ደግሞ ርካሹን ስሰጠው ፊቱን ያጨማድዳል። «የየት አገር ነው? የጀርመን የለም?» ይላል። ተቀምጬ አስረዳለሁ። ያም ሆኖ አማራጩን ለማቅረብ የሚከለክለኝ ሕግ የለም። ቴክሳስ ውስጥ ድሃው ርካሹን መድኃኒት እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ከተሟገቱት መካከል ሌላንድ አንዱ ነው። የተማረውን ሙያ ሕግ አደረገው። ለኔ ከኮንግረስ ሥራው የማያንስ ቁም ነገር ነው።

ስድስት ዓመት ቴክሳስ ካገለገለ በኋላ በ1978 ለኮንግረስ ተመረጠ። የያዘው ወንበር የባርባራ ጆርዳን ነበር። እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ናት፣ የተማረችውም እዚያው ቴክሳስ ሳዘርን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በ1984 የተቋቋመውን የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ መራ። በኛ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ 800 ሚሊዮን ዶላር ለአፍሪካ እርዳታ እንዲፈቀድ ተሟገተ። ሱዳን ውስጥ አንዲት ልጅ ዓይኑ እያየ እንደሞተች፣ ፊቷም ከሐሳቡ እንዳልጠፋ ይናገር ነበር። ደርግና አሜሪካ ዓይንና ናጫ በነበሩበት ዘመን እሱ ደጋግሞ መጣ። የራበው ሰው የሚኖርበት አገር መንግሥት ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ያን ቀን ሲሄድ የነበረውም ፉኝዶ የተጠለሉትን የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለማየት ነው፤ ብዙዎቹ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ። አውሮፕላኑ የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ባለቤቱ አሊሰን ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። በተከታዩ ጥር መንታ ወንዶች ወለደች።

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ። እኛ ደግሞ መንገድ በስሙ አንጠራም። ሰፈሩን፣ ሆቴሉን፣ ባንኩን ነው የምንጠራው። በየቀኑ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ወጣት ሌላንድ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? የከተማው አስተዳደር ሁለት መስመር ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ቢያቆም ብዙ አያስወጣውም። ፋርማሲስት እንደነበረም ይጻፍበት።

ከእናንተ የምለምነው ሌላ ነገር ነው። ያ አውሮፕላን የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ነበር። ከሌላንድ ጋር አብረውት ከሞቱት ውስጥ ኢትዮጵያውያንም አሉ። የሱን ስም መንገድ ላይ አየሁት። የነሱን ግን የትም አላየሁም። ያኔ ኮሚሽኑ ውስጥ የሠሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፣ አርጅተዋል። ጋዜጠኛ ልካችሁ አነጋግሯቸው። በመጪው ነሐሴ የወገኖቻችንን ስም ከሱ ስም ጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ