የዳባቷ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን እዚህ የምጽፈው ስልክሽን ስላልያዝኩ ነው። ዳባት አካባቢ ያላችሁ፣ ኅዳር ላይ ጎንደር መጥታ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ልጇን ይዛ የነበረች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡላት።

ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 28 ነው፤ በ32 ሳምንቷ፣ 1,400 ግራም ሆና። መተንፈስ አቃታት። ሲፓፕ የሚባል፣ በአፍንጫ አየር እየገፋ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ላይ አደረጓት። የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ከተፍለቀለቀ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ከሷ ይልቅ ጠርሙሱን ነበር የማየው። አንዳንዴ ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ያኔ ሲስተሮቹ ሮጠው መጥተው ውስጥ እግሯን ይነካኩላታል፣ እሷም ትተነፍሳለች። ሲስተሮቼ፣ ዶክተሮቼ፣ ወተቴን አልቤ በየሦስት ሰዓቱ በቱቦ እንድሰጣት ያስተማራችሁኝ ሁሉ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። አጥሚት በፔርሙዝ ያመላለሳችሁልኝ ጎረቤቶቼም፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ የማምን ሰው አልነበርኩም። ጎንደር ተወልጄ በደወል ድምፅ ነው ያደግኩት፤ ማተቤን ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፈታሁት። በማንም ተቀይሜ አይደለም፣ ዝም ብሎ ከውስጤ ጠፋ። እናቴ ጠበል ስታመጣ የምቀበላት እንዳይከፋት ብዬ ነበር። የንስሐ አባቷ ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ቢሆንም የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ቀድማ ትጠመቃለች፣ በሌሊትም ቢሆን ጥሩኝ አሉን። ተናደድኩ። ልጄን በቁሟ የቀበሯት መሰለኝ። (በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።)

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሌሊት ለልጅሽ ቄስ ተጠራ። ተጠመቀ። ሳይነጋ አረፈ።

ጠዋት ዕቃሽን ስትሸክፊ ፊቴን አዞርኩ፤ ምን ብዬ ልይሽ? አንቺ ግን መጣሽ። ለሱ የሠራሽውን የክር ኮፍያ ራስጌዋ አስቀምጠሽ «ለሷ ይሁን፣ ብርድ እንዳያገኛት» አልሽኝ። ከዚያ እጅሽን ዘርግተሽ «ሚካኤልዬ፣ ይቺን እንኳ ተውላት» ብለሽ ለመንሽ። እንባሽ ገና አልደረቀም ነበር። ልጇን በሌሊት ያጣች ሴት በጠዋት ለሰው ልጅ ስትለምን፣ ማንን እያየች እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። የቅዳሴው ድምፅ በመስኮት ይገባል። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ መሃሉ ጠፋኝ፣ እናቴ እያለቀሰች ጨረሰችልኝ።

ልጄ በዚያ ቀን አልዳነችም። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ኢንፌክሽን ተገኘባትና ሌላ መድኃኒት ተጀመረላት። ግን ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴን የምነግረው ነበረኝ። አራስ ስለሆንኩ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም፤ ስለዚህ ጸሎት እንደገና የተማርኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ኮፍያሽን አጥልቄላት፣ በካንጋሮ ደረቴ ላይ አስሬያት፣ ቆዳዋ ከቆዳዬ ተጣብቆ። ሙቀቷን ከኔ ታገኛለች፣ የት እንዳለች ግን አታውቅም። እኔም ስንት ዓመት ሳላውቅ እንዲህ ታቅፌ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1,900 ግራም ሆና ወጣን። ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆሜ እልል አልኩ፣ አንገቴ ላይ ማተቤ ነበር። ጥር 18 ክርስትና ተነሣች። ወለተ ሚካኤል አልናት።

እህቴ፣ ኮፍያው አሁን ጠቧታል። አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ፣ ከፈለግሽው ዳባት ድረስ እሷንም ይዤ አመጣልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ያን ሌሊት ቄሱ የልጅሽን የክርስትና ስም ሲጠሩ አልሰማሁም። እባክሽ ስሙን ላኪልኝ፣ በጸሎቴ ሳስበው በስሙ ልጥራው።