ለእማዬ፣ ስለ ክኒኑና ስለ ቀሚስሽ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

እሁድ ዕለት «ሐኪሙ የጨመረልኝ ክኒን አወፈረኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተመችቶሻል ይለኛል፣ ልተወው ነው» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተቋረጠ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

እውነትሽን ነው፣ ለስኳርሽ የተጨመረልሽ ክኒን፣ ፒዮግሊታዞን፣ ያወፍራል። በስብ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ ፒፓር ጋማ የሚባል ተቀባይ አለ። ከቅባት የሚወጡ አሲዶች ሲነኩት ይነቃል፤ ሲነቃ ገና ያልበሰለውን ሕዋስ የስብ ማከማቻ ያደርገዋል። ይህን በፈረንጆቹ 1994 ያሳዩት ተመራማሪው ብሩስ ስፒገልማንና ባልደረቦቹ ናቸው፣ እዚሁ ቦስተን። ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ ሰፈር ነው የማልፈው። በዓመቱ ደግሞ የአንቺ ክኒን ዘመዶች የሚይዙት ይህንኑ ተቀባይ መሆኑ ታወቀ።

«ስኳር ያለበትን ሰው ማወፈር ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» ትይኝ ይሆናል። የአያቴን ጎተራ አስቢው። ጎተራው ሲሞላ እህሉ የትም ይፈስና አይጥ ይጫወትበት አልነበር? ቅባትም ማደሪያ ሲያጣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሲከማች ስኳሩን ከደም የሚያስወጣው ኢንሱሊን የሚሰማው ያጣል። የስብ ሕዋስ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ ከሲታ ናቸው፣ ግን ብርቱ ስኳርና በስብ የተሞላ ጉበት አለባቸው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር። ክኒኑ እንግዲህ ከቆዳሽ ሥር አዲስ ጎተራ እየሠራ፣ ጉበትሽን እያቀለለልሽ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ቀሚሱ ሳይሆን፣ እግረ መንገድሽን «ማታ ማታ ጫማዬ ይጠበኛል» ያልሽው ነው። እሱ ስብ አይመስለኝም፣ ውሃ ነው። ተቀባዩ ኩላሊት ውስጥም ስላለ ክኒኑ ጨውና ውሃ ያስይዛል፤ ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ይህ አደጋ ነው። ቁርጭምጭሚትሽን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። ጎድጉዶ ከቀረ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚሁ ሳምንት ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ፣ ልብሽን ያዳምጥሽ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ጋደም ስትዪ ካፈነሽ ግን አታሳድሪው። ክኒኑ ይቁም አይቁም የሚለውን እሱ ይወስን፤ ተናደሽ አትጣዪው።

ለታክሲ የሚሆን ልኬልሻለሁ። ከተረፈ ቀሚሱን ለልብስ ሰፊው ስጪው፣ ጎኑን ይልቀቅልሽ።

ልጅሽ