«ኖ» የቤተሰብ ስም አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከማይንማር (በርማ) ጦርነት ሸሽተው ታይላንድ ስለተጠለሉት የካረን ብሔረሰብ ስደተኞች በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ከስንት አንዴ ነውና ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ በጉጉት ነበር የከፈትነው። በታይላንዱ የሜ ላ ካምፕ ያሉትን ሦስት ልጃገረዶች ግን «የኖ ቤተሰብ ወላጅ አልባ እህትማማቾች» ብላችኋቸዋል።

«ኖ» ካረኖች ከሚናገሯቸው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በስጋው ካረን ከሴት ስም ፊት የሚገባ መጠሪያ ነው፤ የወንዱ «ሶ» ይባላል። የእኛ «ወይዘሪት» እና «አቶ» በሉት። ካረኖች በባህላቸው የቤተሰብ ስም የላቸውም። እኛስ መቼ አለን? በሰው አገር ቅጽ ላይ ባልና ሚስት ስማችሁ ለምን አይገጥምም እየተባልን የምንንገላታ ሰዎች እንዴት ይህን እንስታለን?

መዝጋቢ «ኖ»ን የቤተሰብ ስም ብሎ ካሰፈረ እህትና ወንድም ይለያያሉ፤ እሷ «ኖ»፣ እሱ «ሶ» ተብለው በመዝገቡ የሁለት ቤት ልጆች ይሆናሉ። የማይተዋወቁ ልጃገረዶች ደግሞ እህትማማች ተብለው ቁጭ ይላሉ። ዘመድ የሚገኘው የእናትና የአባት ስም፣ መንደሩና ወረዳው፣ ልጁ ለእናቱ ስንተኛ እንደሆነና ድንበሩን ከማን ጋር እንደተሻገረ ሲጻፍ ነው። ስሙም በካረን ፊደል ይስፈር፤ ወደ በርማና ወደ ታይ ፊደል ሲገለበጥ ድምፁ ስለሚለወጥ አንዱ ልጅ በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ልጅ ይመስላል።

«ወላጅ አልባ» ማለታችሁም ቸኩላችሁ ነው። በካምፖቹ የተማሪ ማደሪያዎች ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ከድንበሩ ማዶ እናት ወይም አባት አላቸው፤ ለትምህርትና ከጦርነቱ እንዲተርፉ የተላኩ ናቸው። ይህን ሳታጣሩ አንባቢን ለጉዲፈቻ መቀስቀሳችሁ አስቆጥቶናል። ወላጅ እያላቸው በሐሰት ወረቀት ከአገር የወጡ ልጆች ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ ዘግታለች።

መርዳት የሚፈልግ ሩዝና ዘይት ይግዛ፣ ለማደሪያ ሞግዚት ደመወዝ ይክፈል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 መጨረሻ ለአብዛኛው ስደተኛ ይታደል የነበረው ምግብ ቆሟል። በነሐሴ ታይላንድ ለካምፕ ነዋሪዎች የሥራ ፈቃድ ፈቀደች፤ መልካም ነው፤ ግን አሳዳጊዋ አክስት ለሥራ ከካምፕ ስትወጣ ትንንሾቹን ማን ይይዛቸዋል? ዘገባችሁ ይህን አላነሳም።

ከማስተካከያው በፊት ግን የልጃገረዶቹን ፎቶና የመንደራቸውን ስም ዛሬውኑ አውርዱልን። ዘመዶቻቸው አሁንም እዚያው፣ አውሮፕላን በሚደበድበው መንደር ውስጥ ናቸው።