ትከሻሽን የመታው የጥይቱ ቁጥር አይደለም

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ትከሻሽ መበለዙን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው። «ትልቅ ጥይት ለእኔ አይሆንም መሰለኝ» ብለሻል። እዚህ ላይ አልስማማም። የመታሽ 45-70 የሚባለው ጥይት ብቻ አይደለም። ያቺ 3 ኪሎ የማትሞላ ጠመንጃም አለችበት፣ የሰደፏ ቅርፅም አለበት፣ አግዳሚ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተሽ መተኮስሽም አለበት። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

45-70 ሲባል 45ቱ የአረሩ ውፍረት ነው፣ በኢንች መቶኛ ሲለካ። 70ው ደግሞ የጥቁር ባሩዱ መጠን ነው፣ በግሬን። 70 ግሬን 4.5 ግራም ያህል ይሆናል። የአሜሪካ ጦር ይህን ጥይት በ1873 እ.ኤ.አ. ሲቀበል አረሩ 405 ግሬን ነበር፣ ማለትም 26 ግራም። ለትከሻሽ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ሦስተኛው ቁጥር ነው። ስሙ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገባም። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

አረሩ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚገፋሽ ለማወቅ የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ታባዢዋለሽ። በዚያ ላይ ባሩዱን ትጨምሪያለሽ። ባሩዱን አትናቂው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ አይሆንም፣ ጭስና ጥላሸት ነው የሚሆነው። ያም ሆኖ አብዛኛው በአፈሙዙ በኩል በከፍተኛ ፍጥነት ይወጣል፤ ሲወጣም ጠመንጃውን ይገፋል። በ45-70 ላይ ከጠቅላላው ግፊት አንድ አምስተኛ ገደማ የሚመጣው ከባሩዱ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ለተመሳሳይ ፍጥነት በጣም ያነሰ መጠን ስለሚበቃው ይህ ድርሻ እዚያ ዝቅ ይላል። ይህን አንብበሽ ግን በአሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ለመሞከር እንዳታስቢ። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አሮጌ ብረት ያንን ኃይል ላይችለው ይችላል፣ እጅና ዓይን ያሳጣል።

አሁን ሁሉም ጥይቶች 4 ኪሎ ከሚመዝን ጠመንጃ ተተኮሱ እንበል። ባሩዱ የሚወጣበትን ፍጥነት የአረሩን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጌ አስልቼዋለሁ። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፣ ለማወዳደር ግን ይበቃሉ። 32-40 ቀጭን ጥይት ነው። አረሩ 165 ግሬን ነው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ጉልበት 5 ጁል አካባቢ ነው (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)። 44-40 ደግሞ ስታዪው ወፍራም ነው፣ ያስፈራል። አረሩ ግን 200 ግሬን ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቱ ስንት ቢመጣ ጥሩ ነው? እሱም 5 ጁል አካባቢ! ሁለቱን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትተኩሻቸው ልዩነቱን ማወቅሽን እጠራጠራለሁ። 255 ግሬን አረር ያለው 38-55 ከ44ቱ ቀጠን ያለ ቢሆንም፣ የእሱን እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ወደ 10 ጁል ይጠጋል። 45-70 ላይ ስትደርሺ 22 ጁል ይሆናል።

44 እና 45 በውፍረት ጎረቤት ናቸው። በምት ግን አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ነው። ምክንያቱ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ጥይት መደርደሪያ ላይ ስታዪ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ትከሻ ላይ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከ45-70 በላይም ብዙ አለ። ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠመንጃ 25 ግራም አረር በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል፣ በባሩድም 5 ግራም ያልፋል። በ4 ኪሎ ስሌታችን 27 ጁል ይመጣል። የእንግሊዞቹ ማርቲኒ ሄንሪ ደግሞ 480 ግሬን አረር በ85 ግሬን ባሩድ ይገፋል፤ 32 ጁል ገደማ። የእንግሊዝ ወታደሮች በትከሻ መበለዝ ያማረሩበት ጠመንጃ ይህ ነው። እነሱ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ መበለዝሽ የድክመት ምልክት እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ አንቺ ጠመንጃ ልመለስ። ያንኑ የ45-70 ጥይት 3 ኪሎ በሆነ ጠመንጃ ስታስቢው 22ቱ ጁል ወደ 30 ያድጋል። ማርቲኒ ሄንሪ ደጃፍ ደረስሽ ማለት ነው! ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመጣበት ፍጥነትም በሰከንድ ከ3.3 ሜትር ወደ 4.4 ይወጣል። ይህ ፍጥነት ነው ጥቁር ባሩድ የሚታወቅበትን ረጋ ያለ ግፊት ወደ ጥፊ የሚቀይረው። የአሜሪካ ጦርም ይህን ስላወቀ ለፈረሰኞቹ አጭርና ቀላል ጠመንጃ ባሩዱን ከ70 ወደ 55 ግሬን ቀነሰላቸው። እንግሊዞቹም ለማርቲኒ ሄንሪ አጭሩ ጠመንጃ ባሩዱንም አረሩንም ቀንሰዋል።

በተቃራኒው 50-90ን ተመልከቺ። የጎሽ አዳኞች የሚመርጡት ግዙፍ ጥይት ነው፣ አረሩ 473 ግሬን ነው። በ4 ኪሎ ጠመንጃ ከማርቲኒ ሄንሪ እኩል ይመታል። አዳኞቹ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም የሚከብድ ሻርፕስ የሚባል ጠመንጃ ነበር የሚይዙት። 6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ 22 ጁል ይሆናል፤ ማለትም 45-70 በ4 ኪሎ ጠመንጃ እንደሚመታው። ትልቁ ጥይት ከአንቺ ቀላል ጠመንጃ በታች መታ ማለት ነው። እኔ በዚህ ነገር አቋሜ ግልጽ ነው፤ ለኢላማ ተኩስ ቀላል ጠመንጃ መግዛት ገንዘብ ከፍሎ ሕመም መሸመት ነው።

ሰደፉን ደግሞ በእጅሽ ዳስሺው። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወደ ውስጥ የጎበጠና ጠባብ ከሆነ፣ ከላይና ከታች ሁለት ሹል ጫፍ አለው። እንዲህ ያለው የተሠራው ቆመው ጎን ሰጥተው ለሚተኩሱ ነው፤ ከትከሻ መጋጠሚያ ወጣ ብሎ የክንድ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተሽ ትከሻሽ ጉድጓድ ውስጥ ስታስገቢው ሹሉ ጫፍ ሥጋሽን ይወጋል። የነገርሽኝ ብልዝ ከላይ ጠቆር ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ጠረጴዛው ራሱም አይረዳሽም። ቆመሽ ስትተኩሺ ወገብሽ ወደ ኋላ ይለቅልሻል፣ ተደፍተሽ ግን ሰውነትሽ መሄጃ የለውም። ሰፊና ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ሰደፍ ያንኑ 30 ጁል ለብዙ ሥጋ ያካፍለዋል።

ጥላሸትም አለ። በደረቅ አየር የጥቁር ባሩድ ጥላሸት በርሜሉ ውስጥ ይደርቅና አረሩን ያስቸግረዋል፣ ምቱም እየከፋ ይመጣል። ቀለሁን አውጥተሽ፣ ከኋላ በኩል በቀጭን ቱቦ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሺበት። የትንፋሽሽ እርጥበት ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል። ካልሆነም እርጥብ ጨርቅ አሳልፊበት።

አንድ ነገር አደራ። ምቱን ለመቀነስ ብለሽ ከቀለሁ ውስጥ ባሩድ ቀንሰሽ ባዶ ቦታ እንዳትተዪ። ጥቁር ባሩድና አረር መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊጎዳ ይችላል። የሚሻለው ቀለል ያለ አረር መምረጥ፣ ወይም ለጊዜው ወደ 38-55 መውረድ ነው። ጆሮሽንም በደንብ ሸፍኚ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከምቱ ይልቅ በድምፁ ነው።

ብልዙ እስኪጠፋ አትተኩሺ፣ እባክሽ። እስከዚያ ልትገዢው ያሰብሽውን ጠመንጃ ሚዛን ላይ አስቀምጪና ክብደቱን ላኪልኝ። የሰደፉን ጫፍም ከጎን ፎቶ አንሺልኝ። የአረሩን ክብደት ከነገርሽኝ ደግሞ ስሌቱን ተቀምጠን አብረን እንሠራዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ